ጭምት ሆነች አሉኝ

ይድረስ ከኋላዬ ስለማትጠፊ «ጭራዬ» እያልኩ ላሳደግኩሽ ታናሽ እህቴ፤

እንዴት ነሽ? ሰውነትሽ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብስ ይበላልሻል? ያ ሳቅሽስ የት ገባ? አንድ በአንድ ጠይቄሻለሁና አንድ በአንድ መልሺልኝ፤ «ደህና ነኝ» ብለሽ በአንድ ቃል እንዳትገላገይኝ። እኔ ወገቤን ትንሽ ከሚያመኝ በቀር ጤነኛ ነኝ። ናፍቆታችሁ ግን አልተቻለም።

ባለፈው እሑድ እማዬ ደውላ ነበር። ደስታዋ ሌላ ነው። ልጄ ጭምት ሆነችልኝ አለችኝ። ድምፅዋ አይሰማም፣ ከክፍሏ አትወጣም፣ ከማንም አትጣላም አለችኝ። ደግሞ ጥሩ ጥሩ ቀሚሶችሽን ለአክስታችን ልጆች እንዳከፋፈልሽ፣ ቁም ሳጥንሽን ባዶ እስኪሆን እንዳጸዳሽ፣ ስንት ዓመት ከተኳረፍሻት ጎረቤታችን ቤት ሄደሽ ይቅርታ እንደጠየቅሽ ነገረችኝ። በሰለች፣ ልብ ገዛች አለችኝ። እኔ ግን ደነገጥኩ። አንቺ እኮ ጭምት ሆነሽ አታውቂም! እማዬ ስትቆጣሽ እንኳ ቁጣዋን እዚያው ፊቷ ቆመሽ አስመስለሽ የምታሳያት ጉደኛ ነሽ። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም። ሰኞ የደረሰኝ መልእክትሽ «ስላስቸገርኩሽ ሁሉ ይቅር በይኝ» የሚል ብቻ ነው። ምን አስቸገርሽኝና? ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ሳነብ ሰነበትኩ።

በእማዬ አትፍረጂባት። እኛ ቤት ዝም ያለ ልጅ ይመሰገናል። እኔንም ጭምት ስትሉኝ ኖራችኋል፤ አንቺማ «እህትሽን ምሰዪ» እየተባልሽ ስንቴ ተቆንጥጠሻል። እውነቱን ዛሬ ልንገርሽ። ያኔ ጨዋ ሆኜ አልነበረም ዝም ያልኩት። ጠዋት መንቃት ያስፈራኝ ነበር። ፀጉሬን ማበጠር እንኳ ድንጋይ የመሸከም ያህል ይከብደኝ ነበር። አገር ብቀይር ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ከእኔ እኩል ተሳፍሮ መጣ።

የምሠራው የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ትልቁን አንሶላ ብቻውን የሚያጥፍ የለም። ሁለት ሆነን ጫፍ ጫፉን ይዘን እንወጥረዋለን፣ ከዚያ ተጠጋግተን እጅ ለእጅ እንቀባበላለን። አብራኝ የምታጥፈው አንዲት ቁጡ አሮጊት ናት፤ አለቃ ሳትሆን ሁላችንም «አለቅየው» እንላታለን። በመጣሁ በዓመቴ አንድ ቀን አዲሱን ጫማዬን ሰጠኋት፤ ለእኔ አያስፈልገኝም አልኳት። ታመሰግነኛለች ስል አንሶላውን እንደወጠረች ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ። ያለ ጫማ ወዴት ልትሄጂ ነው አለችኝ። መልሱን እኔም እሷም እናውቀው ነበር። የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ሕመም ነው፣ ስሙም ድባቴ ይባላል አለችኝ። መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ በየሳምንቱም እየሄድኩ አወራት ጀመር። ቶሎ ተሻለኝ ብዬ አልዋሽሽም። አለቅየው ደግሞ የራሷን ሕክምና አመጣች። አንሶላውን ይዛ እንዴት ነሽ ስትለኝ «ደህና» ካልኩ ጫፉን ትለቀዋለች። መሬት ይነካል፣ እንደገና ይታጠባል፣ አለቃችን ይጮኽብናል። ስንቱን አንሶላ አቆሸሽን! እንዲህ እንዲህ እያልኩ «ከፍቶኛል» ማለት ተማርኩ። ቀጥሎ «ተናድጃለሁ»፣ ቀጥሎ «አልፈልግም»። በሦስተኛው ዓመት የማሽን ጥገና አስተምሩኝ ብዬ አፍ አውጥቼ ጠየቅኩ፤ ዛሬ ማሽኑ ሲቆም የሚጠሩት እኔን ነው። መጥፎ ቀን አሁንም ይመጣል። ግን ለሰው እናገረዋለሁ፣ ያልፋል። ደስታ የምልሽ ይህንን ነው፤ እስካሁን አልከዳኝም።

ይህ ሁሉ ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል። አንቺ ያን ያህል ጊዜ ያለሽ አይመስለኝም። ስለዚህ በግልጽ ልጠይቅሽ፦ መሞት እያሰብሽ ነው? ብታስቢም አላፍርብሽም፣ አልቆጣሽም። ሕመም ነው፤ መድኃኒትም አለው።

ሳላስፈቅድሽ ለታላቅ ወንድማችን ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ለዛሬ ከሐኪም ቀጠሮ ይዞልሻል። ይህንን ደብዳቤም በስልክ ፎቶ አንስቼ ልኬለት፣ እሱ አሳትሞ ነው በበርሽ ሥር ያስገባልሽ። ብትቀየሚኝ ደስ ይለኛል። ደውለሽ እስኪበቃሽ ስደቢኝ።

አባዬን ሰላም በይልኝ፤ ጆሮው ስለከበደ ጮክ ብለሽ። እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ነግሬያታለሁ፣ አልቅሳለች፣ አሁን ወጥ ቤት ሆና እየጠበቀችሽ ነው። የአክስታችንን ልጆች አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ለወንድማችን ሰላምታዬን አንቺው አድርሺልኝ። ሩቅ አይደለም፤ ደብዳቤውን ካስገባ ጀምሮ በርሽ ላይ ቆሟል። እስክትወጪ አይሄድም፤ እባክሽ ክፈቺለት።

የምትወድሽ እህትሽ
ከአንሶላ ማጠቢያው ቤት፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል
ሐሙስ ጠዋት፣ የካቲት ፲፩ ቀን