ሰባ አንድ ሰው በአንዲት ቀዳዳ ሲተነፍስ

ለተከበሩት የልብስ ስፌት ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ፣
መስኮቱ በሚከፈተው ቢሮዎ፤

ጌታዬ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሳንባዎስ? እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለን ሰባ አንድ ሠራተኞች፣ እርስዎ ብቻ ደህና ይሁኑልን እንጂ፣ እስከ ረፋዱ ድረስ በጣም ደህና ነን። ከምሳ በኋላ ስላለው ጤንነታችን ግን ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌ ላስረዳዎ ፈቃድዎን እለምናለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ ስህተት ቢያገኙበት የእኔ ነው፤ እውነት ቢያገኙበት ግን ይካፈሉኝ።

አንደኛ፤ ስለ ቀዝቃዛው አየር ከልብ አመሰግናለሁ። አቧራ ጨርቁን እንዳያበላሽ ተብሎ መስኮቶቻችን ስለተበየዱ፣ የምንኖረው ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ በሚውለው፣ አውቶቡስ በሚያህለው የአየር ማሽን ነው። እኔም ሞኟ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያመጣልን ይመስለኝ ነበር። የጥገና ሠራተኛው፣ ባለመሰላሉ የምንለው፣ ሳቀብኝና «እትዬ፣ ከውጭ የሚስበው በአንዲት ቀዳዳ ነው፤ የቀረው የእናንተው ትንፋሽ ነው፣ አቀዝቅዞ ይመልስላችኋል» አለኝ። ለካስ ከፊቴ የምትቀመጠው ሴትዮ ጠዋት ሽንኩርት በልታ እኔ ያለ ምሳ የምጠግበው ለዚህ ኖሯል! እንዲህ ያለ መተሳሰብ በየትኛው መሥሪያ ቤት ይገኛል?

ሁለተኛ፤ ቀዳዳዋን በዓይኔ ለማየት ጣሪያው ላይ ወጥቻለሁ። ያለ ፈቃድ መውጣቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ጉልበቴ እንደሆነ እስካሁን ይቅር አላለኝም። በአንገቴ በማንጠለጥለው የስፌት ሜትር ብለካት አርባ ሳንቲሜትር በሃያ አምስት ሆነች። ያም ሆኖ ዝናብ ይከልሉ ተብለው ፊቷ ላይ የተደረደሩት ቆርቆሮዎች ግማሿን ይወስዱባታል። ባለመሰላሉ በካርቶን ጀርባ ላይ አስልቶ፣ በደግ ቀን ለአሥራ ሁለት ሰው ትበቃለች አለኝ። ሕንፃው ሲሠራ የእኛ ፎቅ መጋዘን ነበረና፣ ልኳ የተወሰደው ለሁለት መጋዘን ጠባቂዎችና ለጨርቅ ጥቅሎች ነው፤ ጥቅል ደግሞ አይተነፍስም። እርስዎ ጥቅሎቹን አውጥተው እኛን ሲያስገቡ፣ ልክ እንደገና መወሰድ እንዳለበት ማን ይንገርዎ? እዚህ ቤት ያሉት ልብስ ሰፊዎች ብቻ ናቸው።

ሦስተኛ፤ አየር አጠረን ብለን ስናመለክት ፈጥነው ስለደረሱልን እግዜር ይስጥልን። ቀዳዳዋን እንዳለች ትተው፣ ማራገቢያውን በጉልበተኛ ቀየሩልን። ይህ እንግዲህ በእኛ ሙያ፣ የሕፃን አንገትጌ ያለውን ሸሚዝ ለአዋቂ አልብሶ፣ አንገትጌውን እንደማስፋት ጭንቅላቱን በኃይል መግፋት ነው። ጉልበተኛውም በጠባቧ ቀዳዳ አየሩን ሲጎትት ዝናቡን አብሮ ጎተተው፤ ለሆስፒታል በሰፋናቸው ነጭ ጋዋኖች ላይ ሁሉ የዛገ ውሃ ተንጠባጠበ። ጨርቅ ቆራጯ አንዱን አንሥታ አየችና «በሉ፣ ይህን ነብር የለበሰ ሐኪም ሲመጣ ያላገገመም ታካሚ ሮጦ ይወጣል» ብላ አሳቀችን። ያን ቀን ለመሳቅ የሚሆን አየር ነበረን።

አራተኛ፤ ለዝናቡ መፍትሔ ብለው ቀዳዳዋን በፕላስቲክ አስሸፈኗት። ለዚህስ የምስጋና ቃል አጣሁ፤ ትንፋሽም እንደዚያው።

አምስተኛውን ሳልቀልድ ልጻፈው። የባሌን ታናሽ እህት ያውቋታል፤ ቁልፍ የምትተክለው፣ ከእጇ ፍጥነት የተነሣ «ቶሎ ቶሎ» የምንላት ናት። ቀዳዳዋ በፕላስቲክ ከተሸፈነች ወዲህ ሁለት ጊዜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ግንባሯን ማሽኑ ላይ ደፍታ አገኘናት፤ በሁለተኛው ቀን መርፌው ከዓይኗ የራቀው በጣት ስፋት ነው። ሁለት ጊዜም «በሥራ ሰዓት በመተኛት» የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፉባት። ደረጃው ላይ አውጥተናት ነፋስ ስታገኝ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ኧረ ልቀቁኝ፣ ሥራዬ ተከመረ!» እያለች ተመልሳ ሮጠች። ጌታዬ፣ የተኛ ሰው እንዲህ አይነቃም። እኔ የተኛ ባል ሃያ ሁለት ዓመት ስቀሰቅስ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እንቅልፍን አውቀዋለሁ።

ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሊያሰናብታት እንደሚሰበሰብ ሰምተናል። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና፣ ፕላስቲኩ ዛሬውኑ እንዲነሣ፣ የተጻፉባት ማስጠንቀቂያዎች እንዲሰረዙ፣ ቀዳዳዋም ባለመሰላሉ ለሰባ አንድ ሰው ባሰላው ልክ፣ ሰባ ሰባት ሳንቲሜትር በሰባ ሰባት ሆና እንድትቆረጥ እንለምናለን። እሱ የቆርቆሮ መቀስ አለው፤ የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

የምተነፍሰውን አየር ያህል የማከብርዎ፣ አክብሮቴም በቅርቡ እንዲጨምር አጥብቄ የምመኝ፣
የአራተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ ረድፍ፣ እጅጌ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፤ የሐሙሱ ስብሰባ በእርስዎ ቢሮ ሳይሆን በእኛ ፎቅ፣ ከምሳ በኋላ እንዲደረግ ሁላችንም ፈርመን ጠይቀናል። ለአምስቱ የኮሚቴ አባላት ወንበር በመካከለኛው ረድፍ አዘጋጅተናል፤ በሩ ይዘጋል፣ እስከ አሥር ሰዓትም ማንም አይወጣም። ያን ጊዜ ነቅቶ የተገኘ አባል የስንብት ደብዳቤዋን ይፈርም። ያንቀላፋውን ግን አንከሰውም፤ ደረጃው ድረስ ተሸክመን እናወጣዋለን።