የጾም ድስትሽ

ብርቄ፣

እንዴት ከረምሽ ልበልሽ? የሞተን ሰው እንዴት ከረምክ አይሉትም፤ እኔ ግን ላንቺ ሌላ ሰላምታ አላውቅም። ከሞትሽ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዱባይ የኖርሽበትን ከጨመርኩበት ከተለያየን ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። መጀመሪያ አውሮፕላን ወሰደሽ፣ ቀጥሎ ሞት።

መካነ ሰላም እንዳለች ናት። ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አይነሣም፣ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። እኔም ያው ወፍጮ ቤት ነኝ፤ ጠዋት ጠይም ሆኜ ገብቼ ማታ ነጭ ሆኜ እወጣለሁ። ልጃችን ሕይወት ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። ጠባይዋ ቁርጥ አንቺን ነው፤ ክፉ ነገር ስትሰማ አትጮህም፣ ዝም ብላ ድስት ታጥባለች።

በዕረፍት ቀንሽ ድምፅሽን ስትልኪልኝ ወፍጮውን አጠፋ ነበር። እህል ያመጡት ሴቶች ይቆጡኛል፣ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ከጆንያው ጀርባ እቆማለሁ። የሌላው ሰው ሚስት ከባሕር ማዶ ስለ ፎቅና ስለ መኪና ታወራለች፤ አንቺ የምታወሪልኝ ስለ ወጥ ነበር። ዴራ በሚሉት ሰፈር በአንድ ወጥ ቤት የየአገሩ ሴት ተሰብስቦ ያበስላል አልሽኝ። የፓኪስታኗ ናስሪን ሩዝና ሥጋውን ደራርባ ክዳኑን በሊጥ አሽጋ ትጥደዋለች። የፊሊፒንሷ ማሪ የደረቀ ዓሣ ስትጠብስ የፎቁ ሰው ሁሉ መስኮት ይከፍታል። የኬረላዋ ሱሲ ወጧ ውስጥ ኮኮናት ትጨምራለች። ከታች ደግሞ ኢራናዊው ዳቦ ጋጋሪ ሊጡን ምድጃው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ የየመኖቹ ሩዝ በትሪ ይወጣል፣ ሻዩ በወተትና በሄል ይፈላል። እኔ ሽሮዬን ፊቴ አስቀምጬ ይህን ሁሉ ስሰማ ሽሮው ራሱ ያፍር ነበር።

አንድ ቀን ሱሲ የኮኮናት ወተት ያለበት ወጥ ሰጠችሽና ጾም ስለሆነ ተጨነቅሽ። ወተት ነው ይሉታል፣ ግን ከፍሬ ነው የሚጨመቀው፤ ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ የወፍጮ ሰው እንጂ ሊቅ አይደለሁም፤ የነፍስ አባታችንን መምሬ አየለን ጠየቅሁልሽ። ጺማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡና «ጥጃ አለው?» አሉኝ። የለውም አልኳቸው። «እንግዲያው ትብላ።» ይህንን ስነግርሽ የሳቅሽው ሳቅ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። ከሞትሽ ወዲህ ልከፍተው አልቻልኩም።

በዚያ ወጥ ቤት በድስት ጠብ እንደነበርም ነግረሽኛል። ናስሪን የማሪን ድስት የአሳማ ሥጋ ነክቶታል ብላ ትሸሻለች፣ ማሪም ናስሪን ንቃኛለች ብላ ታኮርፋለች። አንቺ ግን የወሎ ልጅ ነሽ። እኛ ዘንድ ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሞቹ ጎረቤቶች ለብቻው ይታረዳል፣ ለብቻው ይሠራል፤ ድስት መለየት ማክበር እንጂ መናቅ እንዳልሆነ ሕፃኑም ያውቃል። ገበያ ወርደሽ ባለ ቀለም ክር ገዛሽና በየድስቱ ጆሮ ላይ አሰርሽላቸው፤ ጠቡም በረደ። ለራስሽ የጾም ድስት ምን ቀለም እንዳሰርሽለት አልነገርሽኝም፤ እኔም አልጠየቅሁሽም።

ከዚያ እኛ አገር ኔትወርክ ተዘጋ። የታመምሽውም፣ ሆስፒታል የገባሽውም፣ የሞትሽውም ስልኩ ጭጭ ባለበት ጊዜ ነው። ሲከፈት መልእክቱ ተግተልትሎ ገባ፤ መጀመሪያ ያንቺ ድምፅ፣ ራሴን አሞኛል ይላል፤ መጨረሻ ላይ አብራሽ የምታድረው የወረኢሏ ልጅ የራሕማ ልቅሶ። ወፍጮውን ማጥፋት እንኳ ረሳሁ፤ ድንጋዩ ባዶውን ሲፈጭ ሰዎች መጥተው አጠፉልኝ።

የሚያንገበግበኝ የመቃብርሽ ነገር ነው። ደላላው ፓስፖርትሽን ፋጡማ ብሎ አውጥቶ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ማተብሽን አስወልቆሽ ነበር። ስትሞቺም ወረቀቱ ፋጡማ ስለሚል ከሙስሊሞቹ መቃብር አገቡሽ። ራሕማ ራሷ ሙስሊም ሆና፣ ኧረ ክርስቲያን ናት ብላ ጮኻለች። ከወረቀት አስበልጦ ሰው የሚሰማ ግን አልነበረም።

ፍትሐት እንዲደረግልሽ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የደብሩ ሽማግሌዎች አዘኑልኝ እንጂ አልተቀበሉኝም። «ልጄ፣ በእስላም ስም ሄደች፣ በእስላም ስም ተቀበረች። በሃይማኖቷ ለመጽናቷ ምስክር አለህ?» አሉኝ። መምሬ አየለ አንገታቸውን ደፉ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ደግነቱ ያን ቀን ማጭድ ያዋሰኝ ሰው አልነበረም። ሞትሽን እንደ ማንም ሰው አለቀስኩት። ያለ ፍትሐት መቅረትሽ ግን እህል ከለከለኝ። ስምሽ ሳይጠራ ዓመትሽ ሊደርስ ሆነ።

በመጨረሻ ራሕማ ዕቃሽን ይዛ ከወረኢሉ በአውቶቡስ መጣች። ከሻንጣሽ ቀሚስሽ ወጣ፣ ለሕይወት የገዛሽው ጫማ ወጣ፣ ጫማው ጠቧታል። ከሥር በፎጣ የተጠቀለለ ቂጡ የጠቆረ ድስት ነበር። ጆሮው ላይ የታሰረው ማተብሽ ነው፤ እናትሽ ፈትላ ያሰረችልሽ ማተብ፣ ዘይት ጠጥቶ የጠነከረ። ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ባንገትሽ እንዳታደርጊው ሲከለክሉሽ እዚያ አሰርሽው?

ራሕማን ይዤ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረብኩ። ድስቱን መሬት ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለቻቸው፦ «ወላሂ አባቶቼ፣ ረቡዕና ዓርብ ከዚህ ድስት በቀር አትበላም ነበር። ቅቤ የነካ ማንኪያ እንዳይገባባት ናስሪን ናት እንደ ዓይኗ የምትጠብቅላት። አርባዋንም እኛው አወጣንላት። ናስሪን እኛም አገር አርባ አለ አለች፣ ማሪም አለ አለች፣ ሱሲም አለ አለች። ሁሉም የየአገሩን ምግብ ሊሠራ ተነሥቶ ሳለ ቀኑ ረቡዕ ሆነ። ብርቄ ረቡዕን አትገድፍም ብለን፣ ሥጋውን ትተን በዚህችው ድስት ምስር ሠራን።»

አንዱ ሽማግሌ በእስላም ምስክር እንዴት ይሆናል ብለው ጀመሩ። መምሬ አየለ ግን ድስቱን አንሥተው ማተቡን ከሳሙ በኋላ «ጥጃ የሌለውን ወተት እንኳ ልብላ ወይ ብላ ከባሕር ማዶ የጠየቀችኝ ልጅ ናት። እኔ ሌላ ምስክር አልሻም» አሉ። ሽማግሌውም እሺ አሉ።

ማተብሽን ከድስቱ ፈትተን በሥጋሽ ፋንታ ልንቀብረው ወሰድነው። ዶማውን ይዤ ግራ ገባኝ፤ ለክር ስንት ይቆፈራል? መምሬ አዩኝና «የሰው ያህል ቆፍር» አሉኝ። የሰው ያህል ቆፈርኩ። በክርስትና ስምሽ ወለተ ሥላሴ ብለው ፈቱሽ። ልክ እንደ ሰው አፈር መለስንብሽ፣ ራሕማም ከሴቶቹ ጋር ቆማ ደረቷን መታች።

ቀለለህ ወይ ይሉኛል። አልቀለለኝም። ሥጋሽ ሰው በማይጎበኘው አሸዋ ውስጥ በሌላ ሴት ስም ተኝቷል፤ ይህንን ፍትሐትም አይመልሰውም። የማደርግልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኔ እያለሁ ረቡዕና ዓርብ ከድስትሽ እንበላለን፣ ማዕዱም ሲነሣ ስምሽን እንጠራለን። ከእኔ በኋላ ለሕይወት አደራ ነው።

ዘንድሮ ለፋሲካ ትልቁ ድስታችን ተነድሎ ነበርና ሕይወት ዶሮውን በእናቴ ድስት ልሥራው አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ሰው ሁሉ እየፈሰከ ለምን ብላ ጠየቀችኝ። እናትሽ ገና ጾም ላይ ናት አልኳት። ዝም ብላ ድስቱን አጠበችና ቦታው መለሰችው።

ባልሽ