ኢንተር ማለት እሺ ማለት ነው

ኅዳር 13

አዲሱ ኮምፒውተር መጣ። ጋሽ የሺጥላ ለቅየሳ ቢሮው ገንዘብ ሲያወጣ ያየሁት ዛሬ ገና ነው። "ፎር ኬ ነው! ሰበታ ውስጥ ይሄ ያለን እኛ ብቻ ነን" እያለ ሲዞረው ዋለ። ከፈትኩት። ምስሉ ጥርት ብሏል። የካርታ ፕሮግራማችን ግን ያው አሮጌው ነው፤ ጽሑፉ ጤፍ አክሏል። ማን ያንብበው? አፍንጫዬን ስክሪኑ ላይ ለጥፌ ዋልኩ። ዓይኔ ሊፈርጥ ነው።

ኅዳር 16

ወንዲ ጋ ደወልኩ፣ ቡራዩ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኛችን ጋ። "ስኬሊንጉን፣ ማጉያውን፣ ሁለት መቶ ፐርሰንት አድርጊው" አለኝ። አደረግኩ። ፊደሉ አደገ... ግን ደበዘዘ፤ የካርታው ሥዕል ደግሞ ያው ጤፍ እንዳከለ ነው። ይባስ ብሎ ፕሮግራሙ ጥያቄ ሲኖረው የሚከፍታት ትንሽዬ መስኮት አብራ አድጋ ግማሿ ከስክሪኑ በታች ቀረች። ጥያቄው ይታያል፣ መልሱ የሚጫንባቸው፣ የስ እና ኖ የሚባሉት በተኖች የሉም። ወደ ላይ ብጎትታት እምቢ አለች።

"ታዲያ በምን ልመልስላት?"

"ኢንተር በያት በቃ። ኢንተር ማለት እሺ ማለት ነው።"

እፎይ። ተገላገልኩ።

ኅዳር 23

ኦቦ ደገፋ መጡ። ወደ ተፍኪ መውጫ ያሉት ገበሬ፣ ግቢያቸውን ስንለካ እርጎ ያጠጡን። ቤታቸውን ባሕር ዛፍ ስለሸፈነው ካርታውን በምንስልበት፣ ከአየር በተነሳው ፎቶ ላይ የለም። እንደሱ ያሉትን ቤቶች ሁሉ በእጄ ነው የምጨምራቸው። ካርታ ላይ የሌለ ቤት ባዶ መሬት ነው፣ ባዶ መሬት ደግሞ ለኢንቨስተር ነው። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ ቤቴን አሳዪኝ።"

ቤታቸው የሆነችውን ትንሽ ካሬ አሳየኋቸው። ጠጋ ብለው ፈለጉ፣ ፈለጉ...

"ይቺ ናት? አባቴ የሠራት ቤት እንዲህ አነሰች?"

ሳቅን።

"በቃ ገባሁ?"

"ገብተዋል ኦቦ፣ ምንም አይጨነቁ።"

"ቶሌ" አሉ። እሺ ማለታቸው ነው። ለሁሉም መልሳቸው ቶሌ ነው፣ ደስ ይላሉ።

ሥራውን ወደሚላከው ፋይል ሳስተላልፍ ያቺ መስኮት መጣች። በእጅ የተጨመሩትም አብረው ይሂዱ ወይ? ትላለች። ይሂዱ እንጂ! ኢንተር።

ታኅሣሥ 5

የካርታውን ሲዲ ለከተማው መሬት አስተዳደር አስረክበን አረፍን ስንል... መንገዱ ተዘጋ። ተማሪዎቹ ዋና ከተማውን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን እየተቃወሙ ወጥተዋል። ጎማ ይቃጠላል። ከሰዓት ተኩስ ሰማን። የማን ልጅ ይሆን? ጋሽ የሺጥላ በሩን ዘግቶ "ሥራሽን ሥሪ" ይለኛል። ምን ሥራ አለ?

ታኅሣሥ 8

የኦቦ ደገፋን ልጅ ጃለታን ወሰዱት አሉ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ታኅሣሥ 21

ወንዲ በስንት መከራ መጣ። "ይሄ አሮጌ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ስክሪን አያውቅም" ብሎ ጥራቱን ወደ ድሮው አወረደው። ተበሳጨሁ፣ ታዲያ ምኑን ገዛነው? መስኮቷን ከፈተልኝ። በተኖቹ ወጡ። የስ። ኖ። የተመረጠው ኖ ነው።

"ወንዲ... ኢንተር ስል ይሄን ነው የምነካው?"

ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ኢንተር ሁሌም እሺ ነበር'ኮ" አለ።

የሲዲውን ቅጂ ከፈትን። በእጄ የጨመርኳቸው ቤቶች እኔ ጋ አሉ፣ እዚያ አንድም የለም። በኦቦ ደገፋ ግቢ ዛፍ ብቻ። አምላኬ፣ ምን አደረግኩ?

ታኅሣሥ 22

ለጋሽ የሺጥላ ነገርኩት።

"ተረክበውናል፣ አለቀ። ተሳስቻለሁ ብል ከእንግዲህ ማን ሥራ ይሰጠኛል?"

"የሰው ቤት ይፈርሳል'ኮ!"

"ዝም በይ።"

አላልኩም። የተስተካከለውን ሲዲ ይዤ ራሴ የተረከቡን ሰዎች ጋ ሄድኩ። "እኛ የምናውቀው አንድ ካርታ ነው" ብለው መለሱኝ። ሲዲዋን እንኳ አልነኳትም።

ጥር 5

ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ! በእልልታ ሰፈሩ ተናወጠ። እኔም ዘለልኩ። እየሮጥኩ ቢሮ ገባሁ።

"ምን ያስዘልልሻል? የኛ ካርታ የሰበታ የራሷ ነው፣ ሌላ ነው" አለኝ ጋሽ የሺጥላ። "የኛው አልቀረም።"

ቁጭ አልኩ። ምሳም አልበላሁ።

ጥር 18

ኦቦ ደገፋ መጡ። ከስተዋል። የጃለታ ወሬ እንደጠፋ ነው። ትናንት ቤት አፍራሾች መጥተው በራቸው ላይ የይፍረስ ምልክት፣ ቀይ ቀለም፣ ቀብተው ሄደዋል።

"ቤት የለህም፣ ባዶ መሬት ላይ ነህ አሉኝ። እስቲ አንቺ አሳዪኝ።"

ከፈትኩላቸው። አሁን ሁሉም ትልልቅ ሆኖ ይታያል። ካሬዋን ወዲያው አገኟት።

"ይኸው! አለሁ አይደል?"

"እዚህ አሉ ኦቦ። እነሱ ጋ ግን የሉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ስለ መስኮቷም፣ ስለማይታየው በተንም፣ ስለ ኢንተርም ነገርኳቸው። እያለቀስኩ። ይግባቸው አይግባቸው እንጃ። ስድብ ጠበቅኩ፣ እርግማን ጠበቅኩ... ምነው በሰደቡኝ! ካሬዋን አይተው አይተው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሱ።

"ቶሌ" አሉኝ።