«ይተኛ» ስለተባለው የሞጣ ጎተራ ዘበኛ

ለክቡር ፊታውራሪ ወልደ ኪዳን
የእህል ጎተራዎች ጥበቃ ሹም
ብቸና

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ምግብዎ የተስማማዎ፣ ከሁሉም በላይ እንቅልፍዎ ያልተቋረጠ እንዲሆን እመኛለሁ። የመጨረሻውን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ እንቅልፍ ለሰው ምን እንደሆነ የተማርሁት ከእርስዎ ጎተራ አጥር ማዶ ሆኜ ነውና። በሞጣ መምህር ነኝ፤ ቤቴ ከጎተራው ጋር አጥር ይጋራል። የምጽፈው ስለ ዘበኛዎ ስለ ባዘዘው ነው። ያለብኝ ምስጋና ብዙ ስለሆነ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩. ጎተራውን እየተፈራረቁ ይጠብቁ ከነበሩት ሁለት ዘበኞች አንዱን ወደ ብቸና አዛውረው የግቢዎን በር እንዲጠብቅ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ባዘዘው ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ብቻውን ሲጠብቅ እያደረ፣ ቀን የሚገባውን እህል ሲያወርድና ሲያስመዝን ይውል ጀመር። እንዳልተኛ ይታወቅ ዘንድ ሌሊቱን ሁሉ ፊሽካ እንዲነፋ መታዘዙም ለሰፈራችን ጠቅሟል፤ እኛም አብረን ስለነቃን፣ ያልተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሌላ ምስክር አላስፈለገንም።

፪. ስለ ውፍረቱም ላመስግን። ባዘዘው ቀጭን ሰው ነበር። እንቅልፍ ሲታገለው ቆሎ ይዞ ማደር ጀመረ፤ ጥርስ ሥራ ከያዘ ዓይን አይከደንም ይል ነበር። ቆሎው አልበቃ ሲል በማር የተለወሰ በሶ ተጨመረ፣ ከዚያም ስኳር የበዛበት ሻይ። ባለቤቱ ይርጋነሽ፣ ሲያርስ ከሚውል ገበሬ ይልቅ ቆሞ የሚያድር ዘበኛ መሶብ እንደሚያራቁት ስትነግረኝ፣ «ጋሼ፣ ይህ ሰው ለራሱ ብቻ የሚበላ አይመስለኝም፤ ሆዱ ውስጥ ሌላ ዘበኛ ቀጥሯል» ብላኛለች። አንገቱ ጠፋ፤ ቀበቶው አልደርስ አለው። በአገራችን የከሳ ሰው ምን ሆንህ ይባላል፣ የወፈረ ግን እንኳን ደስ ያለህ ይባላልና፣ ገበያተኛው ሁሉ «ተመችቶሃል» እያለ መረቀው።

ክቡርነትዎ ከጥምቀት በኋላ ለጉብኝት መጥተው ሲያዩት፣ «ዘበኛው ሲወፍር ጎተራው ይከሳል» አሉ። ለቅኔ አገር የሚገባ ንግግር ነበር። አጃቢዎችዎ ሰሙን ሰምተው ሳቁ፤ ወርቁ የገባን በማግስቱ ነው፤ ጎተራው የከሳ ሳይሆን የከሰሰ ሆኖ ተገኘና፣ ባዘዘው የመንግሥት እህል በልቷል ተብሎ ታሰረ። እህሉ እንደገና ሲመዘን ምንም አልጎደለም። ሲፈቱት በይቅርታ ፈንታ ፊሽካውን መለሱለት።

ያን ጊዜ ሥራውን ለምን አትተወውም ብዬው ነበር። «ሌባ ተብዬ ታስሬ? አሁን ብወጣማ፣ አልነገርናችሁም ሊሉ አይደል?» አለኝ።

፫. ከዚያ በኋላ ውኃ የማያረካው፣ ሽንት የማያሳርፈው፣ ሚዛን ይዞ ቆሞ የሚያንቀላፋ ሰው ሆነ። ጫማው የላጠው ተረከዙም አልሽር አለ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ኃይለ ጊዮርጊስ ሽንቱን መርምሮ ስኳር አገኘበት። በሽታውን ያመጣው እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው አላለም፤ በዘርም ይመጣል ብሏል፤ ይህን ለፍርድ ሚዛን ስል እጽፋለሁ። ነገር ግን ገላ የበላውን በደንብ የሚያስተዳድረው የሚገባውን ያህል ሲተኛ እንደሆነ፣ እንቅልፍ የተነፈገ ሰው ጠግቦም እንደሚርበው፣ የበላውም ጉልበት በመሆን ፈንታ ስብና ስኳር ሆኖ እንደሚቀርበት አስረድቶን፣ መድኃኒቱም ያለ እንቅልፍ እንደማይበቃ ነግሮን፣ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ «ይህ ሰው ይተኛ» የሚል ቃል ላከ።

ይተኛ ማለቱ ሌሊት ሌሊት ቤቱ ገብቶ እንቅልፉን ይተኛ ማለቱ ነበር። ከብቸና የመጣው መልስ ግን፣ ጽሕፈት ቤቱ ሐኪም ቤት ስላልሆነ በሽተኛ የሚተኛበት አልጋ እንደሌለው፣ አልጋ እስኪገኝም ሠራተኛው በሥራው እንዲቀጥል የሚያዝ ሆነ። ድሬሰሩ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እንቅልፍ ማለቱ እንደሆነ ዳግመኛ ቢያስረዳ፣ ዘበኛ የሚቀጠረው እንዳይተኛ ነው ተባለ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ አልከራከርዎትም።

፬. ክረምቱ ሲገባ እግሩ ጠቆረ። ወደ ደብረ ማርቆስ የጫነው የጭነት መኪና ብቸና ላይ በግቢዎ በር ሲያልፍ፣ የቀድሞ ባልደረባው በጠራራ ፀሐይ ከጥላው ሥር ተኝቶ እንደነበር ይርጋነሽ አይታለች። አልተቀየመችም፤ «እሱስ ይተኛ፤ የነገውን ማን ያውቃል» ነው ያለችው። ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት የባዘዘውን እግር ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ይርጋነሽ ያን ዕለት ወደ ሞጣ በላከችብን ሰው በኩል የደረሰን ቃል አንድ ነበር፦ ተኛ። በሁለቱም ትርጉም ተኝቶ ነበር፤ አልጋውም ተገኝቷል፣ እንቅልፉም መጥቷል። ከዚያ አልተነሣም። ሬሳው በሄደበት መንገድ ተመልሶ መጥቶ እዚሁ ሞጣ ቀበርነው።

፭. ለለቅሶው የላኩት የማጽናኛ ቃል በድንኳኑ ፊት ተነቧል፤ «ያን ያህል አምሮበት የነበረ ሰው በድንገት በመለየቱ» እጅግ ማዘንዎን ሰምተናል። ይርጋነሽ፣ «በድንገት» ከሚለው ላይ ሲደርስ አንባቢውን ድገመው አለችው። ደገመላት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምስጋና ያለ ልመና እንዳይቀር አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ከግቢዎ በር ጥላ ሥር የሚያርፈውን ዘበኛ ወደ ጎተራው ይመልሱልን። ሁለት ሰው ከተፈራረቀ ሁለቱም ይተኛሉ። እህልም አይጠፋም፤ ሰውም።

የክቡርነትዎን እንቅልፍ ማንም እንዳይነካው፣ የሚነካውም ቢኖር የሞጣ ፊሽካ ብቻ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከአጥሩ ማዶ እጅ እነሣለሁ።

መምህር ኃይለ ሚካኤል ውበቴ
ሞጣ፣ ነሐሴ ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል የሞጣና የብቸና ሰው ሁሉ፤ ለማይችለውም አንብቡለት።

ማስታወሻ፦ በባዘዘው ቦታ አዲስ ዘበኛ ስለቀጠሩልን ሳላመሰግን ልዘጋው ነበር። በላቸው ይባላል። እሱም ብቻውን ነው። ቆሎ ይዞ ማደር ጀምሯል፤ ትናንት ቀበቶውን በወስፌ ሲበሳ አየሁት፣ መንገደኛውም «ተመችቶሃል» አለው። ክቡርነትዎ ቅኔ ስለሚወዱ፣ ሁለተኛ ዘበኛ ካልላኩልን የጎተራው በር ላይ የሚጻፈውን ከወዲሁ ልንገርዎ። ከሁለቱ ሰዎች ስም ሌላ ቃል አንጨምርበትም፤ እንደ ተራቸው እናስቀምጣቸዋለን፦ ባዘዘው በላቸው።