በስሜ የተጠራው በረኛ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6
ጉልበቴ ዛሬም ከዝናቡ ቀድሞ አወቀ። ሚስቴ ሚልካ ትንንሾቹን ዓሣዎች ጠብሳ በበቆሎ ገንፎ፣ በኡጋሊ አቀረበችልኝ፤ አስደገምኩ። ከዚያ ኪሱሙ ገበያ ወረድኩ። ሞተረኛው እንደ ልማዱ ሒሳብ አልቀበልም አለ። "ተከላካይ ሆነህ አጥቂዎቹን ያሳፈርክ ሰውዬ!" ጫማ ከሰቀልኩ ስንት ዘመኔ... በዚያች የዋንጫ ጎል አሁንም በነጻ እሳፈራለሁ። ደስ ይላል፤ ምን እደብቃለሁ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8
ኦቡራ ሞተ። ያቺን የዋንጫ ቅጣት ምት ያገባሁበት በረኛ። ከዚያ ጨዋታ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም። ሚስቱ ፔኒና ናት የደወለችልኝ።
"ቅዳሜ ይቀበራል። ጫማህን ይዘህ ና።"
የምን ጫማ?
"የኳስ ነዋ!" ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9
መንደራቸው ገባሁ። ድንኳኑ በር ላይ ለተቀመጡት ሽማግሌ "ኦንዲቲ እባላለሁ" አልኳቸው። ሳቁ።
"ኦንዲቲማ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ነው!"
ቀልድ መሰለኝ... ለካ በዚያች ጎል ሊያላግጥበት አገሩ ሁሉ ኦቡራን ሲጠራው የኖረው በእኔ ስም ነው! ገበያ ሲወጣ "ኦንዲቲ መጣ"። በሠርጉ ቀን እንኳ "ኦንዲቲ አገባ"። ክው አልኩ። ዕድሜ ልኩን? እኔ በሞተር ስንሸራሸር?
ፔኒና ጓዳ ጠራችኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።
"ይቅርታህን ምን ላድርገው? ነገ ከቀብሩ በፊት ያቺን ምት ድገማት። ወንድሙ ኦሙጋ በር ላይ ይቁም። 'እኔ ብሆን በአንድ እጄ እይዛት ነበር' እያለ ነው ባሌን ያስረጀው።"
"እስታታለሁ... ለኦቡራ ክብር።"
አፈጠጠችብኝ። "ደግመህ ልትገድለው ነው? ከሳትካት ትያዝ ነበር ይሉታል! በስምህ ይቀበርብኛል። አግባት!"
ይህን አላሰብኩም። በዚህ ጉልበት? አንድ ምት ብቻ?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10
እንደ አገሩ ወግ፣ ሞትን ለማባረር ኮርማዎቹን ነድተው ተመለሱ፤ ሣጥኑን ሜዳው ዳር አሳረፉት። ኦሙጋ ሲፎክር አድሮ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ወገቤን አለ። በምትኩ ልጁን ላከ። የክለብ በረኛ ነው፣ ቁመቱ ለአግዳሚው ትንሽ ነው የቀረው።
"አንድ እጅህ የት ሄደ?" አለችው ፔኒና ኦሙጋን። ለቀስተኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
መታሁ። ጉልበቴ ተንቋቋ። ወደ ውጭ የሄደች መሰለችኝ፣ አበቃልን አልኩ... ታጠፈች። ልጁ ተወረወረ፣ በጣቱ ጫፍ ነካትም። ገባች።
ልጁ አፈሩን ሳያራግፍ ወደ ሣጥኑ ሄደ፣ ጓንቱን አወለቀና ላዩ ላይ አኖረው። "አጎቴ፣ አትያዝም ነበር" አለ። ኦሙጋ ራሱን ይዞ መሬት ተቀመጠ። "ኦቡራ ወንድሜ" ሲል ሰማሁት። ደጋግሞ፣ በስሙ።
ከቀብሩ በኋላ ፔኒና እጄን ጨበጠችኝ። "እግዜር ይስጥልኝ። በል አሁን ስምህን ይዘህ ሂድ።"
ይዤው መጣሁ። ሚልካ "ኦንዲቲ" ብላ ስትጠራኝ ቶሎ አቤት ማለት አቃተኝ።