ያልተዘጋው ፕሮግራም

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ለቀልጣፋዋ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ትናንት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ደነገጥኩ»። እናትሽ በትንሽ በትልቁ እንደማትደነግጥ ታውቂያለሽ።

ትናንት ጠዋት አንዲት ሴት ለልጇ ኢንሱሊን ልትወስድ ወደ መድኃኒት ቤታችን መጣች። ከማቀዝቀዣው ክፍል አውጥቼ ሰጠኋት። በሩ ጋ ስትደርስ መድኃኒቱን የያዝኩበት መዳፌ አለመቀዝቀዙ ታወቀኝ። ሮጬ ከእጇ ነጠቅኳት።

«ምን ነካዎት፣ እማማ?» አለችኝ።

ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ተመልሼ ገባሁ። ክፍሉ ወበቅ ነው፤ ሙቀቱን እንዲለካና ሲሞቅ እንዲደውል የሠራሽልን ፕሮግራም ግን ስክሪኑ ላይ «አራት ዲግሪ» እንዳለ ነው። ደወሉም ጭጭ።

ወንድምሽ ኮምፒውተሩን ሲጎረጉር ቆይቶ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሜሞሪው ሞልቶ ቀጥ ብሏል» አለ። «የእሷ ፕሮግራም ሙቀቱን ለክቶ ይዘጋ ነበር። እኔ ሳይዘጋ እንዲውል አደረግኩት። ለካስ ሙቀቱን በለካ ቁጥር የያዘውን የሜሞሪ ቦታ አይለቅም።»

«ፕሮግራም ከመዘጋቱ በፊት የያዘውን ይልቀቅ ብለህ ቤቱን ያመስከው አንተው አይደለህ?» አልኩት።

«እኔማ ብያለሁ። ሰምታኝ ያጸዳችው መስሎኝ።»

«ጠየቅካት?»

«አልደወልኩላትም» አለ።

ያን የተጨቃጨቃችሁበት ምሽት እራት ላይ፣ «ፕሮግራሙ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ራሱ ሁሉን ይሰበስባል፤ የሚጣል ካርቶን ማን ያጣጥፋል?» ስትዪው የፈረድኩት ላንቺ ነበር። አሁንም ለሚዘጋ ነገር ልክ ነሽ። እሱም ልክ ነው፤ ነገ ሳይዘጋ የሚያውለው ሰው ይመጣል። ሁለታችሁም ልክ ሆናችሁ የሰው ልጅ ልትጨርሱ ነበር፤ አንድ ስልክ መደወል አቅቷችሁ።

የሞቀውን መድኃኒት በሙሉ አስወገድን። ለሴትየዋ ከሌላ መድኃኒት ቤት ገዝቼ ሰጠኋት።

አንቺም በዚያው ሰሞን ሻንጣሽን አንስተሽ ከአገር ስትወጪ፣ የቀረው ራሱ የሚሰበሰብ መስሎሽ ይሆናል። እዚህ ግን የተዘጋ ነገር የለም። ወንበርሽ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ወንድምሽ የሰው ካፖርት እንኳ አያስቀምጥበትም።

ከትናንት ጀምሮ ማቀዝቀዣው በር ላይ በርጩማ አድርጎ ቴርሞሜትሩን በዓይኑ ያነባል። «ደውልላት» ስለው፣ «ሥራ ይበዛባታል» ይለኛል።

ይህን ስጽፍ ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየና፣ «ይሄኔ ከእንቅልፏ ተነስታለች» አለ። እኔ አልጠየቅኩትም።

የያዝሽው ይቃናልሽ፤ ጤናሽ ይብዛልኝ፤ የሚወድሽ ሰው አጠገብሽ አይጥፋ።

እናትሽ