ዛሬስ ስንት ጊዜ ሞትኩ?

ለውድ እህቴ ለእትዬ ወለቴ፣
ወልቂጤ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ጋሼ ኃይለጊዮርጊስስ ከሳሉ ዳኑ? የሺወርቅስ ትምህርቷን ያዘች? እኔን ከጠየቅሽ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነውና ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ልጆቹ ደኅና ናቸው። መርጋም በሕይወት አለ።

መርጋ ለምን ሾፌርነቱን ተወ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው፤ ያስተውኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው መጋቢት አንድ የጭነት መኪና ከሲሬ ወዲያ ገደል ገባ። ሾፌሩን እንቅልፍ ወስዶት ነው ተባለ። የሾፌሮቹ ማኅበርም አንድ ፈረንጅ ሐኪም ለምኖ አሥራ ሰባቱንም ሾፌሮች አስመረመረ። ሐኪሙ አንገታቸውን በሜትር ለካ፣ ጉሮሯቸውን በባትሪ አየ። ከዚያ ሰው ተኝቶ የሚሆነውን ራሱ አያውቀውምና አጠገቡ የሚተኛውን አምጡልኝ አለ። ሚስቶቹ ተጠራን። ከመግባታችን በፊት ባሎቻችን ከሥራ እንዳይወጡ በሩ ላይ ተማክረን ሁላችንም "እንደ ሕፃን ነው የሚተኛው" ልንል ተስማማን። አሥራ ስድስቱ እንደዚያው አሉ።

እኔም ልል ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ልጄን ጉሉማን አቅፌ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ወደ ኡኬ ስንሄድ፣ መርጋ መሪውን እንደያዘ አንኮራፍቶ ነበር። በክርኔ ባልደቁሰው ኖሮ ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ አይኖርም ነበር። ለሐኪሙ እውነቱን ነገርኩት። ሲያንኮራፋ ቤቱ ይናወጣል፤ ከዚያ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፤ ሃያ፣ ሠላሳ ስቆጥር ዝም ነው፤ ከዚያ ከውኃ እንዳወጡት ሰው አየር ይሻማል አልኩት። በማግስቱ የማኅበሩ ጸሐፊ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለው። መኪናውን ከአሥራ ሰባቱ አንዱ ለሆነው ለዋጋሪ ሰጡትና መርጋን የእህል መጋዘን በር ላይ ዘበኛ አደረጉት። እንቅልፋም ዘበኛ እያለ መንደሩ ሁሉ ሳቀበት። እኔንም ሚስቶቹ ባሏን ያሳጣች ብለው ከሴቶቹ ማኅበር አስወጡኝ።

ሐኪሙ ያዘዘው ሕክምና ከባድ አልነበረም። ይክሳ፣ በጀርባው አይተኛ፣ ትንፋሹ ሲቆም የሚቀሰቅሰው ሰው ይኑር አለ። በጀርባው እንዳይተኛ ብዬ ካናቴራው ላይ ከኋላ ኪስ ሰፋሁና የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ከተትኩበት። ሁለት ሌሊት ለበሰው። በሦስተኛው አውልቆ ጭኔ ላይ ጣለልኝና፣ "ሃዳ ጉሉማ፣ ምስክሯ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ልበሽው" አለኝ። የጉሉማ እናት ብሎ በአገሩ ቋንቋ የሚጠራኝ ድሮ በፍቅራችን ጊዜ ነበር።

ለበስኩት፣ እትዬ። ካልለበስሽው አልተኛም ብሎ ልጆቹን ሲያስለቅስ ምን ላድርግ? እሱ በጀርባው ይንፈላሰሳል፤ እኔ ቆረቆንዳው እየወጋኝ ትንፋሹን እቆጥራለሁ፤ ሲቆም እቀሰቅሰዋለሁ። ጠዋት ቁርሱን እየበላ በልጆቹ ፊት "ዛሬስ ስንት ጊዜ ሞትኩ?" ይለኛል። ቁጥሩን ካልነገርኩት ከገበታው አይነሳም።

ጥቅምት ላይ ዋጋሪ በዚያው በመርጋ መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ ተገለበጠና ሞተ። ሚስቱ ዘርፈሽ እንደ ሕፃን ነው ካሉት አንዷ ነበረች። ለቅሶ ሄድን። መርጋ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ጣለውና ማንኮራፋት ጀመረ። አልቃሹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልቀሰቅሰው ስል ዘርፈሽ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

"ተይው፣ አትቀስቅሽው። ዋጋሪም እንደዚሁ ነበር። ትንሽ ልስማው" አለችኝ።

ሌሎቹ ሚስቶች አንገታቸውን ደፉ። እኔ ደግሞ ሞኟ፣ ዛሬ እንኳ መርጋ ይገባዋል፣ አንዲት መልካም ቃል ይወጣዋል ብዬ እስከ ቤታችን ድረስ ጠበቅኩ። በራችን ላይ ስንደርስ፣ "ዋጋሪ መሪ ጨብጦ እንደ ወንድ ሞተ። እኔን ግን አንቺ ዘበኛ ቤት ቀበርሽኝ" አለኝ። እትዬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እጠላዋለሁ። ለእማዬ ይህን እንዳታነቢላት።

ይህን የምጽፍልሽ ከምሳ በኋላ ነው። ልጆቹ ውጭ ይጫወታሉ። መርጋ እዚሁ አጠገቤ መደቡ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ሲያንኮራፋ ነበር፤ አሁን ዝም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘልዬ እነሳ ነበር። ዛሬ ግን ሰላምታዬን ሳልጨርስ አልነሳም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ቅቤ እልክላታለሁ፤ እሱን እየተቀባች ከፀሐይ ትቀመጥ። ጋሼ ኃይለጊዮርጊስን በአክብሮት እጅ እነሣለሁ፤ ብርድ እንዳይመታቸው ጋቢያቸው አይለያቸው። የሺወርቅን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። የጓሮ ጎረቤታችንን አባባ ወልደዮሐንስን፣ ሚስታቸውንም፣ ልጆቻቸውንም አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ። ጉሉማና ታናሹ ደረሳ እትዬ ወለቴ መቼ ትመጣለች ይላሉ።

እስካሁን ዝም እንዳለ ነው።

መርጋም ሰላም ብሎሻል።

እህትሽ ሸዋርጋ
ነቀምቴ፣ ጥር 29 ቀን 1975 ዓ.ም.